ሙዚየሙ ውስጥ የቆሙት አያት

ጃይሮስን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ ጠይቆ ተጸጽቷል። እናቱ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪሞቱ ድረስ ነገሩ አልገባቸውም ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው፣ እማማ» ይላቸዋል።

«ታስተምራለህ?»

«ኧረ እኔ! እንስሳት ነው የምጠብቀው።»

«ከብት አላቸው እንዴ?»

«የሞቱ እንስሳት ናቸው።»

አሮጊቷ ትንሽ ያስቡና «ከሞቱ ወዲያ ከማን ነው የምትጠብቃቸው?» ይሉታል።

 እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጃይሮስም ራሱን ይህንኑ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ጠዋት በሩን ሲከፍት ይጠይቃል፣ ማታ ሲቆልፍ ይጠይቃል። መልሱን ሳያገኘው ጸጉሩ ሸበተ።

ሙዚየሙ ከሳኩብቫ ገበያ ሽቅብ ሲወጡ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጓሮ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። ውስጡ ቆዳቸው ተገፎ፣ ጭድና ጥጥ ተሞልቶ፣ የመስታወት ዐይን የገባላቸው እንስሳት ቆመዋል። ጅራቱ የተቆረጠ አንበሳ አለ። አፉን የከፈተ አዞ አለ። አንድ ክንፉ የተንጠለጠለ ንስርም አለ። ከኋላ በኩል ደግሞ መሳቢያ ሙሉ ወፍና ቢራቢሮ ተደርድሯል። በሩ አጠገብ፣ ከእንጨት መቆሚያው ላይ፣ አንድ እጁን ወደ ሰው ዘርግቶ የቆመው ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው በአባቱ እንስሳ ነው የሚጠራው። አንበሳ የሆነ ቤተሰብ አለ፣ አዞ የሆነ አለ፣ ንስር የሆነ አለ። እንስሳህን አትበላውም፣ አትገድለውም፣ ሬሳውንም አትነካውም፤ ወገንህ ነዋ! ጃይሮስ ደግሞ ዝንጀሮ ነው። ሳቁ ከፈለጋችሁ፤ እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚናገረው። የሚያከብረው ሰው ስሙን አይጠራም፣ «ሙካንያ» ይለዋል፤ የዝንጀሮ ወገን ወንዶች ሁሉ የክብር መጠሪያቸው ይኸው ነው።

እንግዲህ በተቀጠረበት ቀን፣ ከባሕር ማዶ የመጡት የዚያን ጊዜው ፕሮፌሰር መወልወያ ጨርቅ አስያዙትና «በል ከበሩ ጀምር» አሉት። በሩ ጋ ማን ቆሟል? ጃይሮስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ቁጢጥ አለ፣ ቀስ እያለ አጨበጨበና «እንደምን አደሩ፣ ሙካንያ» አለ። ፕሮፌሰሩ ጠጥቶ የመጣ መስሏቸው ጠጋ ብለው አሸተቱት።

ሰላምታው ቀላል ነው፤ ጭንቁ ውልወላው ነበር። አያቱን በምን እጁ ይንካ? አልነካም ቢል ሥራው ሊቀርበት ነው። ጃይሮስ በምሳ ሰዓት ሳኩብቫ ገበያ ወረደና ቻካኔትሳን ፈለገው። ቻካኔትሳ ጫማ ሰፊ ነው፤ ወገኑ አንበሳ ነው፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጃይሮስ የቀብር ወዳጅ ነው። የቀብር ወዳጅ ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ ነገር ነው። የቻካኔትሳ አያት የጃይሮስን አያት ቀብሯል፣ አባቱም አባቱን ቀብሯል። ቤትህ ሰው ሲሞት ሬሳ የሚያጥብ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ቀብሩን የሚመራ እሱ ነው። ለዚህ ውለታው ደግሞ እንደፈለገ ሊሰድብህ፣ ድስትህን ከፍቶ ሊበላ፣ ለቀስተኛ ፊት ሊያሾፍብህ ሙሉ መብት አለው። መቆጣት የለም። ችግሩ ምኑ ቀልድ፣ ምኑ ቁም ነገር እንደሆነ መለየት አለመቻሉ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቻካኔትሳ እየመጣ ዝንጀሮውን ይወለውላል። ሲወለውልም አፉ አያርፍም።

«አንተ ሌባ! ትናንት የማንን በቆሎ ስትግጥ ነው ያደርከው? ጥርስህን አሳየኝ እስቲ!»

«ኧረ በዕድሜያቸው!» ይላል ጃይሮስ ወዲያ ማዶ ቆሞ።

«ዝም በል አንተም! መልካችሁ አንድ ነው። ደግሞ አንዱን ከሌላው ላማርጥ? ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ያማርጧል!»

ይህን ውል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያወቀ ማንም አልነበረም። ፕሮፌሰሩ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ፣ እነሱም ሄዱ። ተማሪዎቹ ለፈተና ሰሞን ብቻ ብቅ ይሉና የወፍ መሳቢያ አገላብጠው ይሄዳሉ። እውነተኛ እንግዶቹ ከየትምህርት ቤቱ ተሰልፈው የሚመጡ ሕፃናት ነበሩ። ጃይሮስ ስለ እንስሳቱ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ የነገረው ሰው ስላልነበረ፣ የሚያውቀውን አደረገ። በሩ ላይ ግራጫ ጋዋኑን ቆልፎ፣ ቁልፎቹን እያንሿሿ፣ ሁለቴ ስሎ፣ አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አንበሳ።»

«ሂድ አባትህ ጋ ቁም! ጅራቱን አትጠይቀው፣ ይከፋዋል። አንቺስ?»

«ልብ ነኝ።»

ልብ የሆነ ወገንም አለን። ለእነሱ ከከብት ሕክምና ክፍል የተጣለ የበሬ ልብ በጠርሙስ አስቀምጦላቸዋል። እንስሳው ከቤቱ ውስጥ የሌለ ልጅ ደግሞ ሆድ እንዳይብሰው ከራሱ ከጃይሮስ ጎን ይቆማል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ሕፃናቱ ለየአባታቸው ያጨበጭባሉ። መንካት ግን የለም። «አያት ይጨበጨብለታል እንጂ አይጨበጥም» ይላል ጃይሮስ። የዝንጀሮ ልጆች ሲያጨበጭቡ እሱ ከመቆሚያው ጀርባ ዞሮ፣ ድምፁን አወፍሮ ይመልስላቸዋል፦ «ደህና ናችሁ ልጆቼ? በቆሎ አምጥታችሁልኛል?» ሕፃናቱ ከሳቅ የተነሳ መሬት ይንከባለላሉ። ጃይሮስ ይህ ሥራ ይሁን ጨዋታ ለይቶ አያውቅም፤ ሰው ሲያይበት ያፍር ነበር።

ባለፈው የዝናብ ወራት ዶክተር ቼንጌታይ የሙዚየሙ ኃላፊ ሆና መጣች። ወጣት ናት፣ ወፍ ነው ያጠናችው፣ ስትራመድ መሬቱ ይጠባታል። ጃይሮስ አለቃው ነችና ብድግ ብሎ፣ እጁን ከጎኑ አጣብቆ ቆመ። ወዲያው ጸሐፊዋ «ባሏኮ የእናንተው ነው፣ ዝንጀሮ ነው» ስትል ጉድ ፈላ። ባሏ ዝንጀሮ ከሆነ ጃይሮስ አማቷ ነው፤ የባልሽ ወገን አዛውንት ሁሉ አማትሽ ነው። ዶክተሯ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ ሱሪዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ኮሪደሩ መሐል ተንበርክካ ሰላም አለችው። አለቃው ፊቱ ተንበርክካ እሱ እንደ ወታደር ቆሞ! ይቀመጥ? ይንበርከክ? «አንቺ» ይበላት «እርስዎ»? ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ወዲያ ንግግራቸው ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። ምራት አማቷን ዐይን ዐይኑን እያየች አታወራም። አለቃ ደግሞ ሠራተኛውን ሳያዝ አይውልም። ስለዚህ ዶክተሯ ፊቷን ወደ አዞው አዙራ «ነገ በጠዋት በሩ ቢከፈት ጥሩ ነበር» ትላለች። ጃይሮስ ወደ ንስሩ ዞሮ «ይከፈታል» ይላል። እንዲህ እየተባባሉ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ዶክተሯ ለአዞው ያልተለመደ ጥያቄ አቀረበች።

«አስተዳደሩ ይህ ሙዚየም ምን እንደሚጠቅም አስረጂ ብሎኛል። አዳራሹን ለኮምፒውተር ይፈልጉታል። ወፎቹ ለጥናት ይጠቅማሉ ብያለሁ። ቆመው ያሉት ግን ለምን ይጠቅማሉ? ሰው ለምን ይመጣል? የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ...»

ጃይሮስ ንስሩን አየው። የእናቱ ጥያቄ ነው ተመልሶ የመጣበት። «እኔም ግራ ገብቶኛል» አለው ለንስሩ።

በሳምንቱ ዶክተሯ ጓንትና ጭንብል አድርጋ እንስሳቱን አንድ በአንድ መረመረች። ድሮ ቆዳውን ብል እንዳይበላው ሰዎች መርዝ ይቀቡት ነበር። አንበሳው ንጹሕ ሆነ፣ አዞው ንጹሕ ሆነ፣ ንስሩም ዳነ። ከሁሉ አሮጌ የነበረው ዝንጀሮው ግን ከጸጉሩ ሥር መርዝ ሞልቶበት ተገኘ፤ ቆዳው እየተሰነጠቀ፣ ነጭ ዱቄት እየረገፈበት ነበር። ጃይሮስ የመጡትን ልጆች በሐሳቡ ይቆጥር ጀመር። እነዚያ ሁሉ ሕፃናት! ቻካኔትሳስ? በባዶ እጁ እየወለወለ፣ ጢሙን እየጎተተ!

«ልጆቹ ነክተውት ያውቃሉ?» አለች ዶክተሯ፤ ድንጋጤው ወጓን አስረስቷት ወደ እሱ ዞራ።

«አልነኩም። አያት አይጨበጥም» አለ ጃይሮስ።

እሷም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የቻካኔትሳን ጉዳይ ስትሰማ ግን ራሷ ገበያ ወርዳ፣ ጫማ ሰፊውን ከነመዶሻው ክሊኒክ ወሰደችው። ደሙ ደህና ነው ተባለ። «የጫማ ማጣበቂያ ነው ያዳነኝ» እያለ ገበያውን ሲያስቅ ሰነበተ።

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ አዞው ፊት ቆመች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አርብ የንብረት ክፍል ኃላፊው ሚስተር ሙፉሚ መኪና ይዞ ይመጣል። ዝንጀሮው ይቃጠላል። እስከ አርብ ከወጣ ሌሎቹ ለጊዜው ይቆያሉ፤ ካልወጣ አዳራሹ እንዳለ ይታሸጋል። መኪናው ላይ የሚጭነው... የዚህ ቤት ሠራተኛ ነው ተብሏል።»

የዚህ ቤት ሠራተኛ ማን እንደሆነ አዞውም ያውቃል። 

እኛ ሰው አናቃጥልም። ሬሳው በእሳት የሚጠፋ ጠንቋይ ነው፤ እሱም በድሮ ዘመን። ጃይሮስ አያቱን ተሸክሞ ወደ እሳት ይውሰድ? እንቢ ቢል ደግሞ አንበሳውም፣ አዞውም፣ የልቡ ጠርሙስም ሊታሸግባቸው ነው፤ ምራቱም ከአለቆቿ ልትጣላ ነው። አንዱን ቢያነሳ ሌላው ይወድቅበታል። ደግሞስ ይህ ጭድ የሞላው ቆዳ እውነት አያቱ ነው? ዕድሜ ልኩን ለሕፃናት ሲቀልድ ኖሮ አሁን ቀልዱን አምኖ ነው የሚያለቅሰው? ጃይሮስ መንገድ ላይ ቆሞ ራሱን በጥፊ መታ። ከጎኑ በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት «ሰውዬው ደህና ነህ?» አለችው። ደህና መሆኑን አያውቅም ነበር።

ገበያ ወርዶ የቻካኔትሳ የደንበኛ በርጩማ ላይ ዘፍ አለ።

«ሊያቃጥሏቸው ነው።»

«እነማንን?»

«ሙካንያን። ዩኒቨርሲቲው ያሉትን።»

ቻካኔትሳ ሳቀ። ሳቁ ሳቅ ወለደና ወስፌውን ጣለው። ከዚያ ድንገት አቆመ።

«ሊያቃጥሉት? ምን አድርጎ? ጠንቋይ ነው እንዴ?»

«መርዝ አለባቸው።»

«እኔም ምላሴ መርዝ ነው፤ እኔንም ያቃጥሉኛ!» አለና ብድግ ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ለቅሶ በሚነገርበት ድምፅ ገበያውን አናወጠው። «እሪ በሉ! የጃይሮስ አያት ሞተዋል! በጭድ ጠግበው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ዲግሪ ሳይይዙ ሞተዋል! አርብ ቀብር ነው! የዝንጀሮ ምራቶች የት ናችሁ?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ቲማቲም ሻጯ «ሟች ስንት ሚስት ነበራቸው?» ብላ ጮኸች። ጃይሮስ ፊቱ ተቃጠለ።

«አንተ ሰው፣ ልቤ ቆስሎ ነው የመጣሁት። ታሾፍብኛለህ?»

«አሾፋለሁ።»

«አርብ የእውነት ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?»

ቻካኔትሳ ተቀምጦ ወስፌውን አነሳ። «አንተ ብቻ ሬሳ እንዳትነካ» አለና መስፋቱን ቀጠለ። ይህ ተስፋ ይሁን ፌዝ ጃይሮስ አልገባውም። ሐሙስ ማታ የቀረበለት የበቆሎ ገንፎ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

አርብ ሚስተር ሙፉሚ በጠዋት መጣ። ከረባቱን አጥብቆ ያሰረው ሰው፣ የጭነት መኪናውን በር ላይ አስቁሞ ሰዓቱን አየ።

«ሠራተኛው አንተ ነህ? በል ጫን።»

ጃይሮስ ጓንት አጠለቀ። እጁን ወደ ዝንጀሮው ዘረጋ። የዝንጀሮው እጅም ወደ እሱ እንደተዘረጋ ነው። ሁለቱ እጆች መሐል አየር ላይ ቀሩ፤ የጃይሮስ እጅ ወደፊትም አልሄደ፣ ወደ ኋላም አልተመለሰ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ሙፉሚ።

ይሄኔ ከውጭ መዝሙር ተሰማ። ቻካኔትሳ የአባቱን የሠርግ ኮት ለብሶ፣ አካፋ ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ከኋላው ሴቶች አሉ፤ ቲማቲም ሻጯ፣ በቆሎ ጠባሿ፣ የአናጢው ሚስት፣ ሁሉም ለዝንጀሮ ወገን የተዳሩ ናቸው፤ ሻሽ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ እያለቀሱ።

«እጅህን አንሳ አልኩህ፣ አንተ የበቆሎ ሌባ!» አለው ቻካኔትሳ ጃይሮስን። ከዚያ ወደ ሙፉሚ ዞረ። «ጌታው፣ እኔ የሟች የቀብር ወዳጅ ነኝ። ሬሳው የእኔ ነው።»

«ምን ሬሳ? ይህ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ይቃጠል ተብሏል፣ እኔም ቸኩያለሁ!»

«ሁሉም በየተራው ነው ጌታው። ‹መጀመሪያ የመቀመጫዬን› ያለችው ማን ነበረች?»

ሴቶቹ ተያይዘው ሳቁ። ዶክተር ቼንጌታይ ግድግዳው ሥር ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማ ነበር። ቻካኔትሳ ፊቷ ሄዶ ቆመ።

«አንቺ የተማርሽ ምራት! እሱን ማየት ታፍሪያለሽ፣ አለቆችሽን ትፈሪያለሽ። እኔን እይኝ። እኔ የማንም አማት፣ የማንም አለቃ አይደለሁም፤ ጫማ ሰፊ ነኝ። በልብሽ ያለውን ለእኔ ተናገሪ።»

ዶክተሯ ቀና አለች። 

«መቃጠል የለበትም» አለች። «ጭሱም መርዝ ነው፤ ነፋሱ ወደ ገበያው ነው የሚወስደው። መጀመሪያም አውቄው ነበር። ‹ይቃጠል› ያሉኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ብከራከር ሌሎቹን ያሽጉብኛል ብዬ ፈራሁ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በብረት ሳጥን ታሽጎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሚንቶ ይፍሰስበት። ትክክለኛው ይህ ነው። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ይኸው ቀብር ማለት ነው» አለ ቻካኔትሳ፣ ኮቱን እያወለቀ።

ሙፉሚ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ። የሚደውልለትን ሰው ማግኘት ያቃተው ይመስላል። ዶክተሯ ለቻካኔትሳና ከገበያ ለተከተሉት ሁለት ወንዶች ጓንትና ጭንብል አደለች። ዝንጀሮውን ጠቅልለው ከመጋዘን በወጣ የብረት ሳጥን ውስጥ አስተኙት፤ የተዘረጋችው እጅ አልታጠፍ ብላ ስታስቸግር ቻካኔትሳ «እስከ መጨረሻው ልመና!» አለ። ጃይሮስ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ሳጥኑን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ መዝሙሩን አቆሙና ዶክተሯን አዩዋት። ሬሳ ከቤት ሲወጣ በሩን የሚዘጉት ምራቶች ናቸው፤ የጠየቁት ሳይሰጣቸው ሬሳ አያልፍም። የዚህ ቤት ምራት ደግሞ እሷ ነች። ዶክተሯ አመነታች፤ ፊቷ ቀላ። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ በሩን ዘጋች።

«አያልፍም!»

«እሰይ!» አሉ ሴቶቹ። «ምን ይሰጥሽ?»

ጃይሮስን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ዐይኑን አየችው። «የአባባን ጋዋንና ቁልፍ።»

ጃይሮስ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። ቻካኔትሳ በዐይኑ «ስጥ» አለው። አውልቆ ሰጣት። በእጅጌ አጭር ሸሚዝ ሲቀር ብርድ ተሰማው።

በቀብር ላይ ምራቶች ሟችን መስለው ይጫወታሉ፤ አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ስካሩን ሳይቀር። ታዲያ የዚህን ሟች አረማመድ ማን አይቶታል? በሕይወት ያየው ሰው የለም። ዶክተሯ ጋዋኑን ለበሰች፤ እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። አንድ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፤ ጃይሮስ አንድ ትከሻው ዝቅ እንደሚል እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር። ቁልፎቹን አንሿሿች። ሁለቴ ሳለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «እሱ ነው! ራሱ ነው!»

ዶክተሯ እግሯን እየጎተተች ሙፉሚ ፊት ደረሰች። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ሙፉሚ ከረባቱን ነካ። «እኔ? አዞ... አዞ ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ገተረህ? ሂድ አባትህ ጋ ቁም! ጣትህን አፉ ውስጥ እንዳትከት!»

ሙፉሚም ሄደ። እንዴት እንደሄደ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አዞው ጎን ቆሞ አጨበጨበ። ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም። ባዶው መቆሚያ ጀርባ ዞረች፣ አንገቷን ቀበረች፣ ድምፅዋን አወፈረች።

«ደህና ናችሁ ልጆቼ? በቆሎ አምጥታችሁልኛል?»

ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። ጃይሮስም ሳቀ። ለካ ታየው ኖሯል! ለካ ከመሳቢያዎቹ ጀርባ ሆና ስትሰማው ነበር! የሞተው ዝንጀሮ ድምፅ አልነበረውም፤ ድምፁ የጃይሮስ ነበር፤ ሳሉም፣ ጨዋታውም የጃይሮስ ነበር። ታዲያ አሁን ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የሚወጣው ማነው? ይህ የማን ቀብር ነው? ፈራ። የምር ፈራ። እንባው ወረደ፤ የሚጠርግበት እጅጌ ግን ምራቱ ላይ ነበር።

«አልቅስ፣ አልቅስ» አለው ቻካኔትሳ የሳጥኑን ጫፍ እንደያዘ። «አባትህ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስክም፣ አንተ ደረቅ!» የእሱም ዐይን ቀልቶ ነበር።

ከቤቱ ጓሮ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። ሲሚንቶው ፈሰሰ። ጃይሮስ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፤ ሦስተኛውን ቻካኔትሳ «ይበቃል፣ ሰምተዋል» ብሎ ከለከለው። ዶክተሯ ጋዋኑን አጣጥፋ፣ ቁልፎቹን በላዩ አድርጋ፣ ተንበርክካ ሰጠችው።

«አባባ፣ ሙዚየሙ ምን ይጠቅማል ብዬ ጠይቄ ነበር።»

«እኔ አሁንም አልገባኝም፣ ልጄ» አለ ጃይሮስ። «ልጄ» ማለቱን ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

አዳራሹ እስካሁን አልታሸገም። ይታሸጋልም ይባላል፣ አይታሸግምም ይባላል፤ ሙፉሚ ለአለቆቹ ምን እንደነገራቸው የሚያውቅ የለም። ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት ከተራራው ማዶ ሕፃናት ተሰልፈው መጡ። ጃይሮስ ጋዋኑን ቆለፈ፣ ሁለቴ ሳለ። መሳሉን ራሱ ሰማውና አፈረ። አንበሶቹን ወደ አንበሳው፣ ልቦቹን ወደ ጠርሙሱ ሰደዳቸው። በመጨረሻ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ቀረች።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«ዝንጀሮ» አለች ልጅቷ፤ ባዶውን የእንጨት መቆሚያ አየችው። «የእኔስ አባት የት አሉ?»

ጃይሮስም ባዶውን መቆሚያ አየ። ከጓሮ ናቸው ይበላት? ሞተዋል ይበላት? ድሮስ ሕያው ነበሩ እንዴ? የድሮ ደንቡ ትዝ አለው፤ እንስሳው ቤቱ ውስጥ የሌለ ልጅ ከእሱ ጎን ነው የሚቆመው። «ነይ» አላት፤ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

ሌሎቹ ልጆች ማጨብጨብ ጀመሩ። ልጅቷ ወዲያ ወዲህ አየች። ከዚያ ወደ ጃይሮስ ዞረች፣ ቁጢጥ አለች፣ ትናንሽ መዳፎቿን አጋጥማ ለእሱ አጨበጨበችለት።

«እንደምን አደሩ፣ ሙካንያ።»

ጃይሮስ የሚደበቅበት መቆሚያ ፈለገ። ድምፁን ሊያወፍር ሞከረ፣ አልመጣለትም። የመጣው የራሱ የዘወትር ድምፅ ነበር።

«ደህና ነኝ ልጄ» አለ። «በቆሎ አምጥተሽልኛል?»